የሄስተር ሐብል

ሐብሉ መጥፋቱን ሲነግሯት ኢንስፔክተር ቬርና ሰመርስ እስከ ክርኗ ላባ ለብሳ ነበር።

የወፍ ወቅት ነው። በዚህ ወር ጋኔት ደሴት ላይ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ የለም። ከየከተማው ፈቃድ እየወሰደ የመጣው ዘመድ አዝማድ ከአሸዋው ጉድጓድ የወጣውን፣ ዮላ የሚሉትን የባሕር ወፍ ጫጩት ሲነጭ፣ በፈላ ውኃ ሲነክር፣ ጨው ሲነሰንስ ይውላል። ቬርናም የዓመት ፈቃዷን ለሌላ ነገር አውላው አታውቅም። እናቷ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የአጎቶቿን ቀልድ እየሰማች ላባ ስትነጭ ሌባም ነፍሰ ገዳይም ከሐሳቧ ይወጣሉ።

ሊዮኒ ታረንት የወፍ ቤቱን በር ገፍታ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቬርና፣ ተነሺ። የሄስተር ሐብል የለም።"

ነጪዎቹ ወፉን ትተው ቀና አሉ።

ሊዮኒን በደሴቱ የማያውቅ የለም፤ ከደሴቱ ውጭም ስሟ የታወቀ አርቲስት ናት። ሆባርት ከተማ ተወልዳ አድጋ፣ እድሜዋ ሠላሳን ከተሻገረ በኋላ ወደ አያቶቿ ደሴት ተመለሰች። የምትሠራው የዛጎል ሐብል አንገት ላይ የሚውል አይደለም፤ የቤቱን ግድግዳ ዙሪያውን ይዞራል፣ ከጣሪያ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሙያውን ያስተማራት ሰው የለም። የቅድመ አያቷ የሄስተር ሐብል እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ በዋናው ምድር ባለ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ነበርና፣ ፎቶግራፉን ብቻ እያየች፣ እየሰካች እያፈረሰች ለብቻዋ ተማረች። ለምና ደጅ ጠንታ፣ ሐብሉ ለአንድ ሳምንት ወደ ደሴቱ እንዲመጣ አስፈቀደች። በማግስቱ ቀትር ላይ የሷ ሥራ ከሄስተር ሐብል ጎን ሆኖ ለሕዝብ ሊታይ ተዘጋጅቶ ነበር።

ትርኢቱ በተዘጋጀበት የደሴቱ አዳራሽ ውስጥ የሐብሉ የመስታወት ሣጥን ክዳን ገርበብ ብሏል። አልተሰበረም፣ አልተፈለቀቀም። ሐብሉ የተጋደመበት ጥቁር ከፋይ ብቻውን ቀርቷል።

"ቁልፉስ?" አለች ቬርና።

"አንዱ እዚህ ነው፤ አውልቄው አላውቅም" አለ ፊሊፕ ኦርም፣ አንገቱ ላይ ያለውን የቁልፍ ማሰሪያ እየጎተተ። ሐብሉን ይዞ የመጣው የሙዚየሙ ሰው እሱ ነው። "ሌላኛው የአዳራሹ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ ምስማር ላይ ነው።"

"እዚያ መሆኑን የሚያውቅ ማነው?"

ሊዮኒ መለሰች። "እዚህ ሻይ ጠጥቶ የሚያውቅ ሁሉ።"

"ሚስተር ኦርም፣ ሐብሉ ባይገኝ ምን ይሆናል?"

ሰውዬው ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። "መጋዘናችን ውስጥ ከእናንተ ደሴቶች የተወሰዱ ቅርጫቶች አሉ፣ ሌሎች ሐብሎችም አሉ። አንድ ባንድ ወደ ቤታቸው እንላካቸው ብዬ ከአለቆቼ ጋር የተጨቃጨቅሁት እኔ ነኝ። ይሄ የመጀመሪያው ነው። ከጠፋ ሁለተኛ አይኖርም።"

ቬርና ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለችና አሸተተች። መቀርቀሪያውን አሸተተች፣ ከፋዩንም። ኦርም በመገረም አያት።

"ምን ሸተተዎት?"

"ምንም። ነገሩ እሱ ነው።"

በወፍ ወቅት የዮላ ዘይት የማይነካው ነገር የለም። የበሩ እጀታ ይሸታል፣ ስኒው ይሸታል፣ የቤተ ክርስቲያኑ የመዝሙር መጽሐፍ እንኳ ይሸታል። ከወፍ ቤት የወጣ እጅ ሦስት ጊዜ በሳሙና ቢታጠብም ከፋይ ላይ አሻራውን ይተዋል። ይህን ሣጥን የከፈተው ሰው ወፍ አልነጨም።

ከዚያ ተንበርክካ ወለሉን መረመረች። ከጠረጴዛው እግር ሥር ሩዝ የምታህል ነጭ ዛጎል ተወሽቃለች። አንዲት ብቻ። ከሐብሉ የወደቁት ብዙ መሆን አለባቸው፤ የተበጠሰ ክር አንዲት ዛጎል ጥሎ አያቆምም። ስለዚህ ሌባው የወደቁትን አንድ ባንድ ለቅሟል። ሣንቃው ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ሳንቲም የሚያካክሉ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ። በጥፍሯ ፋቀቻቸው። ሰም ነው።

"ትናንት እዚህ ሻማ በርቶ ነበር?"

"ኧረ የለም" አለ ኦርም።

ሊዮኒም ራሷን ነቀነቀች።

"አንቺ ማታ የት ነበርሽ?"

"ቤቴ" አለች ሊዮኒ። መልሱ ትንሽ ፈጠነ።

*

መጀመሪያ ሁሉም የጠቆመው የሊዮኒን አጎት ልጅ ዳሪልን ነበር። ባለፈው እሑድ በሰው ፊት "ሐብሉ ተመልሶ መጋዘን የሚገባ ከሆነ እኔ ነኝ የምደብቀው" ብሎ ነበር። ቬርና ስታገኘው ድስቱ ላይ ቆሞ በእንፋሎት ተሸፍኗል።

"ልታስሪኝ ከሆነ ወፉን ልጨርስ" አላት።

"እንዲህ ብለሃል ወይ?"

"ብያለሁ። የኛ የፓላዋዎች፣ የነባሩ ሕዝብ ነገር መጋዘን ሲገባ እንጂ ሲወጣ መቼ አየን? ግን እኔ የምሰርቅ ብሆን ሣጥኑንም ጠረጴዛውንም ሰውዬውንም ነበር የምወስደው።"

"እጅህን ስጠኝ።"

ሰጣት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

"ምን አደረግሁ?" አለ ዳሪል።

"ነጻ ወጣህ። ከሳምንት በኋላም ሚስትህ አታስጠጋህም።"

ነጪዎቹ ሁሉ ሳቁ። ዳሪል ግን አልሳቀም። "ቬርና፣ ስቀልድ ነው። ሊዮኒ ያን ሐብል ለማምጣት ስንት ዓመት እንደለፋች አውቃለሁ። የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ጀልባዬን ውሰጂ።"

ጀልባው አስፈለጋት። ክሌይተን የሚባል ባለጸጋ በነጭ ባለ ሸራ ጀልባ መጥቶ ወደቡ ላይ ሰንብቷል፤ ሐብሉን በፈለጉት ዋጋ እንዲሸጡለት ሲወተውት ነበር። ጎህ ሲቀድ ጀልባው ከቦታው የለም። ዳሪልና ቬርና ማዕበሉን እየሰነጠቁ ቢሄዱ፣ ከቀጣዩ የባሕር ዳር ኩርባ ጀርባ ነፋስ ተጠልሎ አገኙት። ሰውዬው ብርድ ልብስ ተከናንቦ በባልዲ ላይ አቀርቅሯል። አጠገቡ የደሴቱ ነርስ ቁጭ ብላለች።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ቬርና።

"የዳሪል እናት ዮላ ጠብሰው ጋበዙት" አለች ነርሷ። "ጮማውን ጠግቦ በላ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ወደዚህ የመጣነውም ጀልባው ሲወዛወዝ ስለባሰበት ነው።"

"አጣፍጠው ነው የሠሩልኝ" አለ ሰውዬው በደከመ ድምፅ፣ ምስጋና ቢስ እንዳይመስል። ከዚያ ወደ ባልዲው ተመለሰ።

ዳሪል መንገዱን ሙሉ ሲስቅ ተመለሰ።

*

ቬርና ኦርምን ከአዳራሹ ደጃፍ አገኘችው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ይመለከታል።

"ሐብሉን መጨረሻ ያየው ማነው?"

"ትናንት አመሻሽ ላይ እኔና ሊዮኒ። ከሰዓቱን ሽማግሌዎቹ ቀድመው እንዲያዩት ጋብዘናቸው ነበር፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ አንድ ነገር ላሳያት ፈለግሁ።" ከኪሱ የእጅ ማጉያ መስታወት አወጣ። "ዛጎል በወስፌ ሲበሳ፣ ቀኝ እጅ የበሳውና ግራ እጅ የበሳው ቀዳዳ ይለያያል። የዚያ ሐብል ዛጎሎች በሙሉ የተበሱት በግራ እጅ ነው። ሄስተር ግን በቀረላት ፎቶ ላይ ወስፌውን የያዘችው በቀኟ ነው። ለዓመታት ስገረም ኖሬያለሁ።"

"ሊዮኒ ይህን ስትሰማ ምን አለች?"

"ምንም። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፤ እሷም ግራኝ ናት። ወጥታ ሄደች።"

"ከሽማግሌዎቹ የተናገረ የለም?"

"አንዲት አሮጊት ክሩ ሊበጠስ ነው፣ ይቀየር አሉኝ። ያለ ባለሙያዎቻችን ፈቃድ ክሩን መንካት እንደማልችል ነገርኳቸው። እውነታቸውን ነበር እኮ፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው።" ኦርም ፊቱን አሸ። "ስንት አሮጊት እንዳነጋገርኩ! ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም።"

ቬርና ወደ ሊዮኒ ቤት አቀናች። ከበሩ ሥር ጥንድ ቦቲ ጫማ ተቀምጧል፤ የባሕር ሣር ተጠምጥሞበት ገና አልደረቀም። ሊዮኒ መሥሪያ ጠረጴዛዋ ላይ ናት፤ ፊት ለፊቷ በአረንጓዴ ዛጎል የተሞሉ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ወስፌው በግራ እጇ ነው፣ ግን ምንም አትሠራም።

"ቤቴ ነበርኩ ብለሽኝ ነበር።"

ሊዮኒ ቀና አለች። "ባሕር ዳር ነበርኩ። ብቻዬን። ማንም አላየኝም። ያዥኝ ከፈለግሽ።"

"ምን ስታደርጊ?"

"ሳለቅስ" አለች፣ እንደ ተራ ነገር። "ሄስተር ግራኝ አልነበረችም፣ ቬርና። እናቴም አይደለችም። አያቴ አዳ፣ ነፍሷን ይማር፣ በቀኟ ነበር የምትበላውም የምትሰፋውም፤ ዛጎል ደግሞ ነክታ አታውቅም። እኔ በየከተማው 'ይህ የሄስተር እጅ ነው፣ ከእሷ የወረስኩት' ስል ኖርኩ። የማንን እጅ ስኮርጅ እንደኖርኩ ግን አላውቅም። የማላውቃት ሴት ሥራ ይሆናል። የማይገባኝን ስም ለብሼ ነው የዞርኩት።"

ቬርና ራሷም እናቷ በጊዜ ሞታባት ዛጎል መሰካት ያልተማረች ሴት ናት። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተንከራተተ፤ ክር፣ መቀስ፣ ወስፌ።

"ክርሽን በሰም ታሺዋለሽ?"

"ሰም? የዓሣ መረብ ክር ምን ሰም ያስፈልገዋል? እሱ የአያቴ እህት የአክስት ፐርል ዘመን ነገር ነው። እሳቸውም እኔ ወደዚህ ሳልመለስ ገና እጃቸው ተኮማትሮ ትተውታል።"

ሰሙ እጇ ገብቷል፤ ወርቁ ግን ገና ነበር። አክስት ፐርል የዚያን ወለል ዛጎል ተንበርክከው ሊለቅሙ አይችሉም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰው ሁሉ ሲንበረከክ እሳቸው ቁጭ ብለው ነው የሚጸልዩት። ጉልበታቸው እንደማይታጠፍ ደሴቱ በሙሉ ያውቃል።

*

የአክስት ፐርል ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ቬርና በሩ ላይ ስትደርስ ምርኩዛቸው ከግድግዳው ተደግፏል። አነሳችው። ጫፉ ላይ እንቁላል የሚያህል ሰም ተለጥፎበታል፤ ሰሙ ላይ አቧራ፣ ክርና የጥቁር ከፋይ ብናኝ አለ።

ቆማ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ከዚያ አንኳኳች።

"ግቢ፣ ክፍት ነው" አሉ ከውስጥ። "ሌባ ፍለጋ ደሴቱን ስታካልዪ ዋልሽ አሉ። ባሕርም ተሻገርሽ አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም።"

"ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር፣ አክስቴ?"

"እንደ አጠያየቁ ነዋ።"

አሮጊቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት ትሪ አለ፤ አንሶላው ላይ ዛጎሎቹ አረንጓዴው ከነጩ ጋር ተራቸውን እንደጠበቁ ተሰልፈዋል፤ ሐብሉ ክር ብቻ እንጂ ሌላ የጎደለው አይመስልም። ቬርና ከኪሷ ያቺን ሩዝ የምታህል ዛጎል አውጥታ ትሪው ዳር አስቀመጠች።

"ቆጥሬ ቆጥሬ ጎደለችብኝ" አሉ አክስት ፐርል፣ ዓይናቸው እየበራ። "የት አገኘሻት?"

"ከጠረጴዛው እግር ሥር።"

"ሌሎቹን በምርኩዜ ሰም እያጣበቅሁ ለቀምኳቸው፤ እዚያ ግን አይገባም።" ዛጎሏን በጣታቸው ጫፍ አንስተው ቦታዋ መለሷት። "በዓይኔ ፊት አንዷ ወደቀች። ለዚያ ለሙዚየሙ ልጅ ነገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን አይሆንም አለኝ። እኔም ሻይ አፍልቼ፣ ስኒውን አጥቤ፣ ቁልፉን አነሳሁ። ማታ ተመልሼ ስከፍተው ክሩ እጄ ላይ ረገፈ። እስከ መክፈቻው በዓል አዲስ ክር አግብቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው፣ ጣቴ መርፌ አልይዝ አለ።" የተኮማተሩ እጆቻቸውን አሳዩአት። "ልናገር አፈርኩ፣ ልመልስ አልቻልኩ።"

"ክር ሊቀይሩ ብቻ ነው የወሰዱት?"

አክስት ፐርል ከዛጎሎቹ መካከል አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ እዚያ ሦስት ነጫጭ ዛጎሎች ተራቸውን ስተው ተከታትለዋል።

"ይቺን ታያለሽ? ይቺን የሰካሁት እኔ ነኝ። ገና ሕፃን ነበርኩ። እህቴ አዳ ስትሰካ አጠገቧ ተቀምጬ 'እኔም፣ እኔም' ብዬ አስቸገርኳት። ሰጠችኝ፣ ተሳሳትኩ። ላፍርሰው ስል 'ተዪው፣ ያንቺ ምልክት ይሁን' አለችኝ።"

"አዳ?" አለች ቬርና። "ዛጎል ነክታ አታውቅም የምትባለው የሊዮኒ አያት?"

"ትልቋ እህቴ። ግራኝ ነበረች። እንዲህ እንደሷ ፈጥኖ የሚበሳ እጅ አላየሁም።"

ቬርና ተነሳች። "አክስቴ፣ የቀረውን ለኔ አይንገሩኝ። ቆይ ሰው ልጥራ።"

*

ሊዮኒና ኦርም ተያይዘው መጡ። ኦርም ትሪውን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣውም። ሊዮኒ ግን ዛጎሎቹን አላየችም። አክስት ፐርልን ነበር የምታየው።

አሮጊቷ ከመጀመሪያው አወሩላት። አዳን የመንግሥት መርከብ መጥቶ የወሰዳት ገና ልጃገረድ ሳለች ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ልጆች እንዲሁ ተወስደዋል። በተወሰደችበት ተቋም ግራ እጇን እያሰሩ በቀኟ አስለመዷት። ሐብሉ እቤት ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ፤ እናታቸው ሄስተር ማየት አልቻለችም። ለሙዚየም የሚሰበስብ ሰው ሲመጣ አውርዳ ሰጠችው። ማን ሠራው ሲላት የአዳን ስም ልትጠራ አፏ እምቢ አላት። ሰውዬው የሷን ስም ጽፎበት ሄደ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አለች ሊዮኒ። "እዚህ ስኖር፣ በየቀኑ ስንገናኝ።"

"ከተማ ሄጄ አዳን ጠይቄያት ነበር። 'እጄ ረስቶታል፤ ያልሰጠኋቸውን እንዳይጠይቁኝ ለልጆቼ አትንገሪ' አለችኝ። ቃሌን ጠበቅኩ። የሄስተር ሐብል ሲባል ደግሞ ሌላ ነው የመሰለኝ፤ ትናንት ሣጥኑ ተከፍቶ ሳየው ነው ያወቅሁት።"

ሊዮኒ ከትሪው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሦስቱን ነጫጭ ዛጎሎች ነካቻቸው።

"ይሄኛው ግን..." አለች። "አክስቴ፣ ይሄን እኔ የሄስተር ምሥጢር ነው ብዬ በሥራዬ ሁሉ ደግሜዋለሁ። ሦስት ነጭ በተከታታይ። ስለሱ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል።"

"ስለ ምኑ?"

"ስለ ሦስቱ ነጭ።"

አክስት ፐርል ኦርምን አዩት። ኦርም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። "እኔም ጽፌያለሁ" አለ።

"በየአገሩ የተሰቀለው የኔ ስህተት ነው?" አሉና አሮጊቷ መሳቅ ጀመሩ፤ ትሪው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቬርና ትሪውን ያዘችላቸው። ሊዮኒም ሳቀች፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ።

"በይ አሁን ክሩን አንሺ" አሉ አክስት ፐርል ሲረጋጉ። "ሰሙ ኩባያው ውስጥ ነው። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ታስገቢያለሽ።"

ሊዮኒ ወደ ኦርም ዞረች። ሰውዬው የአንገቱን ማሰሪያ ሲነካካ ቆየ።

"ክሩ መቀየሩን ለአለቆቼ እነግራለሁ" አለ በመጨረሻ። "ደስ አይላቸውም። የሠሪዋ ስም መቀየሩን ግን መስማት አለባቸው። ቀጥሉ። እኔ ሻይ አፈላለሁ።"

"አንቺስ ምን ትጎለቻለሽ?" አሉ አሮጊቷ ቬርናን። "እጅሽን በደንብ ታጠቢና የክሩን ጫፍ ያዢ። በወፍ ዘይት እንዳታበላሺብኝ።"

ቬርና ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ መጥታም የክሩን ጫፍ ያዘች። ሊዮኒ መርፌውን በግራ እጇ አንስታ የመጀመሪያዋን ዛጎል አስገባች። አክስት ፐርል እጇን ሲያዩ ቆዩ።

"ፍጥነቱ ይቀርሻል" አሉ። "አያያዙ ግን የሷ ነው። እንዲያ ነበር የምትይዘው፣ ትንሿን ጣቷን አጥፋ።"

"ማንም አላሳየኝም" አለች ሊዮኒ ቀስ ብላ።

"ማን ያሳይሽ? አብሮሽ ነው የመጣው።"

ዛጎሎቹ አንድ ባንድ ክሩ ላይ ሲገቡ ቀኑ መሸትሸት አለ። ቬርና ስንት መዝገብ እንደዘጋች ራሷም አታስታውስም፤ እንዲህ ባለ ጸጥታ የተዘጋ ግን አልነበራትም።

"ልትከሺኝ ነው?" አሉ አክስት ፐርል ድንገት።

"ክር መቀየር በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስከስስ አላውቅም። ሳገኘው እመጣለሁ።"

*

በመክፈቻው ዕለት ሰዉ አዳራሹን ሞልቶ ደጅ ተረፈ። ከመስታወቱ ሥር ያለው ጽሑፍ ተቀይሮ "የአዳ ሐብል፣ ከእህቷ ከፐርል ጋር የተሰካ" ይላል። አክስት ፐርል ከሦስቱ ነጭ ዛጎል ፊት ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ለሚያልፈው ሁሉ ስህተታቸውን በኩራት ሲያሳዩ ዋሉ። ክሌይተንም ገርጥቶ፣ ከወጥ ቤቱ ርቆ ቆሞ አየ።

ሳምንቱ አልቆ አውሮፕላኑ ሊመጣ ሲል ሊዮኒ ሐብሉን ይዛ ከኦርም ጋር እንድትሄድ ተስማሙ፤ የሠሪዋ ስም በሙዚየሙ መዝገብ ሲስተካከል በዓይኗ ማየት ፈልጋለች። ኦርምም በሚመጣው የወፍ ወቅት ሐብሉን ከሁለት ቅርጫቶች ጋር ይዞ እንደሚመለስ ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብቷል። ዳሪል ግን አኮረፈ። "ይኸው፣ ደግሞ ሊሄድ ነው" አለ።

"ይሂድ" አሉ አክስት ፐርል። "አዳን ሲወስዷት የወፍ ወቅት ነበር። ሰው ሁሉ የወፍ ቤት ነበር፣ የነገረን የለም። ወደቡ ላይ የሸኛት ሰው አልነበረም። ሮጬ ስደርስ መርከቡ ጭስ ብቻ ነበር። አሁን አዳ ከሐብሏ ጋር ሄዳ ትመለሳለች፤ የሚከፋኝ እንደዚያን ጊዜ ሳትሸኝ ብትሄድ ነው።"

ዳሪል የወፍ ቤቶቹን አንድ ባንድ ሲያዳርስ አመሸ። በማግስቱ የየወፍ ቤቱ እሳት ጠፋ። ነጪዎቹ ከነሽርጣቸው፣ አብሳዮቹ ከነማማሰያቸው፣ ሕፃናቱ በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው የሣሩን የአውሮፕላን ሜዳ ዳር ይዘው ቆሙ። አክስት ፐርልን በዳሪል መኪና ፊት አስቀምጠው አመጧቸው። ሽታችን ሰማይ ደረሰ እየተባለ ተሳቀ።

ትንሿ አውሮፕላን ዞራ ስትንደረደር ሰዉ ሁሉ እጁን አነሳ። ቬርናም ላባ የተጣበቀበትን ክንዷን አነሳች። በመስኮቱ ሊዮኒ ታየቻት፤ ሐብሉን በአንገቷ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥማዋለች። ኦርም ከጎኗ ባዶውን ሣጥን በጭኑ ታቅፎ፣ በሌላው እጁ ለሰዉ አጸፋውን ይመልሳል።